መካኒኩ አለ

ሰኞ፣ 3

ብርዱ ዘንድሮ ቸኩሎ ገባ። እማዬ ጉልበቷን በሁለት ፎጣ ጠቅልላ «አብረን ተወልደን እግሬ ከኔ ቀድሞ አረጀ!» እያለች ስታጉረመርም ሰነበተች። ዛሬ ከተማ ወርጄ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገዛሁላት። ትራስ ታክላለች፤ ገመዷ ላይ ቁጥር የሚያበራ ትንሽ ሳጥን አለ፣ ሙቀቱን የሚመጥነው እሱ ነው። ካፖርቴ ሥር አድርጌ አስገባኋት። ጥበቃው ቦርሳዬን ፈተሸ፤ ሆዴን ምን ብሎ ይፈትሽ።

የተከለከሉ ዕቃዎች ዝርዝር በየቤታችን በር ጀርባ ተለጥፏል። ሞባይል፣ ማይክሮዌቭ፣ ሙቀት የሚቆጣጠር ማንኛውም ነገር። መኪና እንኳ በናፍጣ የሚሄደው የጣቢያው ካሚዮን ብቻ ነው የሚገባው፤ የቤንዚን ሞተር ብልጭታው ይሰማል። ኮረብታው ላይ ሰማይ የሚያዳምጠው ዲሽ ጆሮው ቀጭን ስለሆነ እኛ ከሥሩ እንደ ሌባ ኮቴያችንን አጥፍተን እንኖራለን። ይሁን፤ አንዲት ማሞቂያ ናት።

የእማዬ ጉልበት ሲሞቅ ምላሷም አብሮ ተፍታታ።

«ቆይ፣ አንቺ ግን ሥራሽ ምንድነው?» (ለመቶኛ ጊዜ።)

«መስማት ነዋ። ሌላ ኮከብ ዘንድ የሚያስብ ፍጡር ካለ፣ ድምፁን መስማት።»

«ከሰማሽስ?»

«መዝገቡ ላይ ‘አለ’ የሚለውን በብዕር እከባለሁ።»

«ካልሰማሽስ?»

«‘የለም’ የሚለውን።»

«ስንት ጊዜ አለ አልሽ?»

«በሃያ ዓመት? አንድም ቀን።»

«የለም ለማለትማ እኔን ቢጠሩኝ በነጻ እነግራቸው ነበር» አለችና ፎጣዎቹን ወርውራ ተኛች።

ረቡዕ፣ 5

መቆጣጠሪያ ክፍላችን ግድግዳ ላይ በትልቁ «ማን አለ?» ተብሎ ተጽፏል። በዚህ ሁሉ ሰማይ ከኛ ሌላ ማን አለ ለማለት ነው። የሚመጣው እንግዳ ሁሉ ‘ለ’ን አላልቶ ያነብና «ማን አለ? እኔ አላልኩም!» ብሎ ይስቃል። እኛም ዛሬ ገና እንደሰማ ሰው አብረን እንስቃለን።

ከመፈክሩ ጎን ዛሬ አዲስ ፎቶ ተሰቀለ፦ ዳይሬክተራችን ሜዳሊያውን አንገቱ ላይ አድርጎ። ከተሸለመ ስድስት ዓመት ሞላው ብለው ክፈፉን አሳደሱለት። ጽዳት ሠራተኛዋ መስታወቱን ስትወለውል «እንዴት ያለ ጆሮ ቢኖረው ነው!» አለች። ብርጭቆዬን አስቀምጬ ወጣሁ።

ጆሮው የኔ ነበር። የዛሬ ስድስት ዓመት የአንድ የሞተ ኮከብ ትርታ ከዚያ ሁሉ ጫጫታ ለይቼ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ አሥራ ሰባት ቀን ከወንበሬ ሳልነሣ። ረቂቁ ላይ «ሰማሁ» ብዬ ጻፍኩ። እሱ አንዲት ፊደል ቀንሶ፣ አንዲት ጨምሮ «ተሰማ» አደረገው። «የሳይንስ ጽሑፍ ‘እኔ’ ማለት አይወድም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ጽሑፉ አልወደደም። ሜዳሊያው ግን አንገት ይፈልግ ነበርና የሱ አንገት ተገኘ። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚህ ደብተር ስሙ አቶ ተሰማ ነው።

አንድ ክፍል ነው የተማርነው። ሒሳብ ከኔ ይገለብጥ ነበር። አሁን እኔ «እርስዎ» እለዋለሁ፣ እሱ «አንቺ» ይለኛል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እሱም የረሳ አይመስለኝም። ኮሪደር ላይ ሲያየኝ ስልክ እንደተደወለለት ሰው ይቸኩላል፣ ሞባይል በተከለከለበት ግቢ።

ሰኞ፣ 10

አለ።

ረፋድ አራት ሰዓት። ዲሹን ወደ አዲስ ኮከብ ካዞርን ገና የመጀመሪያው ቀን ነው። ጠባብ፣ ንጹሕ፣ አንድ መስመር። ተፈጥሮ እንዲህ ቀጭን አይጽፍም። ዲሹን ከኮከቡ ዞር ስናደርገው ይጠፋል፤ ስንመልሰው ይመጣል። ሦስት ጊዜ ሞከርን። ‘አለ’ን ከበብኩ።

ማክሰኞ፣ 11

ዛሬም አለ። ኮከቡ አርባ ሦስት የብርሃን ዓመት ይርቃል። ድምፁ ከዚያ ከሆነ የተላከው እኔ የሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው።

እማዬ፦ «እኛ አቤት ብንል መቼ ይሰሙናል?»

«የዛሬ አርባ ሦስት ዓመት።»

«እንግዲያው እኔንም ሰላም ብላለች በያቸው።»

ሐሙስ፣ 13

አቶ ተሰማ ወንበሬ ላይ ተቀምጧል። በየስልኩ «ሰማን፣ ሰማን!» ይላል። የሱ ‘እኛ’ አንድ ሰው ነው።

በሩ ላይ ፋይል ይዤ ቆሜ ሲናገር ሰማሁት፦ «ኧረ የለም፣ እሷማ ጎበዝ ጸሐፊ ናት።»

ጸሐፊ። ጸሐፊ! ፋይሉን አስቀምጬ ሻይ ሳልጠጣ ዋልኩ።

ቅዳሜ፣ 15

አንድ ነገር አልዋጥልሽ ብሎኛል፣ ራሴን እንደዚህ ነው የማናግረው።

ኮከብ በየቀኑ አራት ደቂቃ ቀድሞ ይወጣል። ሰማይ ይህን ቀጠሮ አያዛንፍም። ድምፁ ከኮከቡ ጋር የሚመጣ ቢሆን እሱም በየቀኑ አራት አራት ደቂቃ በቀደመ ነበር። የስድስት ቀኑን መዝገብ ደረደርኩት። ሰኞ አራት ሰዓት። ማክሰኞ አራት ሰዓት። ዛሬም አራት ሰዓት፣ ቢያልፍ ሁለት ደቂቃ። ይሄ የሰማይ ሰዓት አይደለም፤ የሰው የግድግዳ ሰዓት ነው።

ለአቶ ተሰማ ነገርኩት። «ሰዓቱ አይገርምዎትም?» አልኩት።

«አንቺ መዝግቢ፤ ትርጉሙን ለኔ ተይው» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

እንግዲህ ነግሬዋለሁ። ግማሹን።

ቤት ገብቼ እማዬን ጠየቅኳት፦ «ማሞቂያዋን ስንት ሰዓት ላይ ነው የምታበሪያት?»

«የሬዲዮ ዜና ሲጀምር ነዋ፣ አራት ሰዓት። ምነው፣ መብራት በላችብሽ?»

ተቀመጥኩ። ዲሹ ወደ ኮከቡ ሲዞር ጀርባው የሚሰጠው ወደ ሠራተኞች ቤት ነው። ያቺ ቁጥር የምታበራ ሳጥን! አርባ ሦስት የብርሃን ዓመት ያልነው ለካ የእማዬ ጉልበት ነው። ሳቄ መጣ። ከዚያ አቶ ተሰማ በየስልኩ «ሰማን» ሲል ትዝ አለኝና ሳቁ ሌላ ሳቅ ሆነ።

እሁድ፣ 16

ቀኑን ሙሉ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ነገ ጠዋት ገብቼ «ጌታዬ፣ ያገኙት ፍጡር የእናቴ ማሞቂያ ነው» ብል ነገሩ በሁለት ደቂቃ ያልቃል። እኔ ማስጠንቀቂያ እቀበላለሁ፣ እሱ ከውርደት ይድናል። ከውርደት ይድናል!

ስድስት ዓመት ሙሉ እሱን የሚጥል ነገር ስፈልግ ኖሬያለሁ፤ ለዚህ ደብተር እንኳ ግማሹን ነው የነገርኩት። ይኸው በእግሩ መጣ። እኔ እኮ ምንም አላደርግም፣ ዝም ነው የምለው። ሰማዩ ሃያ ዓመት ዝም ሲለን ማን ከሰሰው? ይውጣና በዓለም ፊት «አለ» ይበል። ከዚያ ሌሎች ጣቢያዎች ያዳምጡና «የለም» ይበሉት። ያን ቀን ፊቱን ማየት እፈልጋለሁ፣ ከፊተኛው ወንበር። ይህን ስጽፍ ደስ እያለኝ ነው፤ ለደብተር አይዋሽም።

የሚገርመው እኔ አሉ ባይ ነኝ። በፍኖተ ሐሊብ ብቻ ከመቶ ቢሊዮን በላይ ከዋክብት አሉ። ይሄ ሁሉ ቤት ተሠርቶ ሰው የሚገባው አንዱ ውስጥ ብቻ ነው ቢሉኝ አልቀበልም። ‘የለም’ እያልኩ ሃያ ዓመት ስከብ በልቤ «ገና አልሰማሁም» ማለቴ ነበር። ካሉ ደግሞ ቂም ያውቁ ይሆን? የሚያስብ ፍጡር ያስታውሳል፤ የሚያስታውስ ይቀየማል። ብልህ ሆኖ ቂም የማያውቅ ፍጡር ተገኘ ቢሉኝ መሣሪያው ይፈተሽ እላለሁ።

ከሰዓት በኋላ እማዬ «ዛሬስ ሞቆኛል፣ ላጥፋት መሰለኝ» አለች።

ዘልዬ «አይ! አታጥፊያት!» አልኳት።

በስስት አየችኝ። «እንዲህ አስበሽልኝ አታውቂም» አለች። ሳህን የማጥብ መስዬ ፊቴን አዞርኩ።

ሰኞ፣ 17

ደንቡ እንዲህ ነው። «አለ» ብለን ለዓለም ከመናገራችን በፊት መካኒኩ የአካባቢ ፍተሻ ያደርጋል። «ውሻዬ» የሚላትን የእጅ መቀበያ ይዞ ግቢውን ያነፈንፋል፤ ያገኘውን በውስጥ ስልክ ይነግረኛል፤ እኔ እመዘግባለሁ፤ ዳይሬክተሩ አንብቦ ይፈርማል። መካኒኩ ጡረታ ሊወጣ ሰባት ወር ቀርቶታል። ጋሼ ነው የምለው። አምና እማዬን አዝሎ ሐኪም ቤት ያደረሰልኝ ሰው ነው። ከሚስቱ ጋር ሆኖ ጓሮው ውስጥ ሽንኩርትና ጽጌረዳ በአንድ መደብ ይተክላል፣ «ሁለቱም ያስለቅሳሉ» እያለ።

ስልኩ ጮኸ።

«ልጄ፣ አለ። ከቤቶቹ በኩል አለ። ጻፊው።»

«እሺ ጋሼ።»

ብዕሬን አነሣሁ። የጻፍኩት ይሄን ነው፦ «የአካባቢ ፍተሻ፦ መካኒኩ አለ።»

ውሸት አይደለም። ‘ለ’ ላልታ ስትነበብ መካኒኩ ተናግሯል ማለት ነው። ጠብቃ ስትነበብ መካኒኩ ሥራው ላይ ተገኝቷል ማለት ነው። አቶ ተሰማ ችኩል ነው፣ አጥብቆ አንብቦ ያልፋል። ኋላ ሲጠየቅ ግን ቃሉ ተጽፎ፣ ፊርማው ከሥሩ ተቀምጦ ይገኛል። «ተነግሮህ ሳታነብ ፈረምክ» ይባላል። እሱ ፊደል ቀይሮ አጠፋኝ፤ እኔ ፊደል እንኳ አልነካሁም።

ቀኑን ሙሉ ሳንጎራጉር ዋልኩ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ትል ነበር አክስቴ። እኔ ጸሎት ላይ አይደለሁም።

ረቡዕ፣ 19

ፈረመ። «መካኒኩ አለ፤ ጥሩ» አለና ፈረመ። አጥብቆ! ሦስት ሰከንድ አልፈጀበትም።

አርብ፣ 21

ምሳ ላይ ወሬው ሁሉ ስለነሱ ነው። ጽዳት ሠራተኛዋ «ከመጡ የማን ቤት ያርፋሉ?» ትላለች። ጥበቃው «መታወቂያ ካላሳዩ በዚህ በር አይገቡም» ይላል። ጋሼ ዳቦውን እየቆረሰ «ካሉም ብልሆች ናቸው፤ ዝም ያሉት ለዚያ ነው» አለ። ሁሉም ሳቀ።

ከዚያ ወደኔ ጎንበስ ብሎ «ያቺን ነገር ጻፍሻት?» አለኝ።

«ጽፌያታለሁ ጋሼ።»

«አንቺ ካልሽ እሺ።» ትንሽ ቆየት ብሎ አየኝ። ምሳዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ፤ ሥራ ነበረብኝ።

ሰኞ፣ 24

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ከኋላ ቆምኩ፤ ፊተኛው ወንበር ለጸሐፊ አይሰጥም። አቶ ተሰማ ውኃ ጠጣ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ «አለ!» አለ። ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ።

አንዲት ጋዜጠኛ «መጀመሪያ የሰማው ማን ነው?» ብላ ጠየቀች። ይህቺን ጥያቄ ስድስት ዓመት ጠብቄያታለሁ። እሱ ዓይኑን አዳራሹ ላይ አዙሮ፣ እኔ ላይ ሲደርስ ዘለለና «ጣቢያው ነው» አለ። የመጨረሻ ዕድልህ ነበር፣ አልኩት በልቤ። ስሜን ብትጠራ ኖሮ ምናልባት ያኔውኑ ሮጬ ጆሮህ ላይ እነግርህ ነበር። ምናልባት።

ሐሙስ፣ 27

ደብዳቤ በጆንያ እየመጣ ነው። የማስተናግደው እኔ ነኝ፣ ‘ጎበዝ ጸሐፊ’ አይደለሁ። አንዱ መምህር አርባ ሁለት ተማሪዎቹ ለኮከቡ ሰዎች የጻፉትን በአንድ ፖስታ ልኳል። «እናንተ ጋ ትምህርት ቤት አለ?» ትላለች አንዷ። «ስትጣሉ ማን ያስታርቃችኋል?» ትላለች ሌላዋ። ሁለተኛዋን መልሼ አጠፍኳት።

ሬዲዮው አራት ሰዓት ላይ ስለኛ ያወራል፤ እማዬ ለመስማት ማሞቂያዋን አብርታ ትቀመጣለች። «ጉድ እኮ ነው! በዚህ ዕድሜዬ!» ትላለች። የአባዬ ሞት ሲነገርበት እንኳ እንዲህ ዓይኗን አፍጥጣ ሬዲዮ አልሰማችም።

ሐሙስ፣ 4 (አዲስ ወር)

መጣ። ሦስት ጣቢያዎች ያንኑ ኮከብ አዳመጡ። የለም። የለም። የለም።

አቶ ተሰማ ቢሮውን ዘግቶ ዋለ። ጽዳት ሠራተኛዋ «ምሳውን አልነካም» አለች። እኔ የራሴን እስከ ጥጉ በላሁ።

ቤት ገብቼ ማሞቂያዋን ነቀልኩና ቁም ሣጥን ውስጥ ከተትኳት። መርማሪ ይመጣላ። እማዬ ፎጣዎቿን እያነሣች «ምን አጠፋሁ?» አለችኝ። ተበላሽታ ነው አልኳት።

ሰኞ፣ 8

ከዋናው መሥሪያ ቤት ሦስት መርማሪዎች መጡ። ማዳመጡ ለጊዜው ታግዷል። ዲሹ አፉን ሽቅብ ከፍቶ፣ የዝናብ ውኃ እንደያዘ ባልዲ ቆሟል። በሃያ ዓመቴ ቆሞ አይቼው አላውቅም። ዓይኔን ወደዚያ ላለመላክ በኋላ በር ገባሁ።

ሬዲዮው ላይ የሚቀልደው ሰውዬ «ማን አለ? ማንም አላለም!» ብሎ አገር አስቋል።

ረቡዕ፣ 10

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

የተሰበሰብነው መቆጣጠሪያ ክፍል ነው፣ መፈክሩ ሥር። የመርማሪዎቹ ሰብሳቢ ድምፃቸው ዝግ ያለ ትልቅ ሴት ናቸው። አቶ ተሰማ ሙሉ ልብሱን ለብሷል። የጠበቅኩት ላቡ ግንባሩ ላይ ሲወርድ ነበር። እሱ ግን መዝገቡን ገልጦ ጣቱን መስመሬ ላይ አሳረፈ።

«እኔ የፈረምኩት ይህን አምኜ ነው» አለ። «‘መካኒኩ አለ’ ይላል። ማንም ሰው አጥብቆ ነው የሚያነበው። መካኒኩ በፍተሻው ላይ ነበር፤ ነገር ግን አንድም ድምፅ አላስመዘገበም። ጥፋቱ የፍተሻው ነው።»

ይህን አላሰብኩም ነበር። ስድስት ዓመት ሳስብ ኖሬ፣ ለሱ የከፈትኩት መስመር ለሱው መውጫ እንደሚሆን አላሰብኩም። ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው የሚሉት ለካ ለዚህ ነው፤ እኔ ደግሞ አርቄው ሳበቃ ጋሼ ጠርዙ ላይ ቆሟል።

ሰብሳቢዋ ወደ ጋሼ ዞሩ። «እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«በስልክ ያልኩትን ብያለሁ። የጻፈችው እሷ ናት፤ እሷው ታንብበው።»

«ጽሑፉ ያንቺ ነው አይደል?» አሉኝ ሰብሳቢዋ። «ጮክ ብለሽ አንብቢልን። ላልቶ ነው፣ ጠብቆ?»

ላልቶ ነው ብል «ታዲያ ምን አለ?» ይሉኛል። «ከቤቶቹ በኩል ድምፅ አለ፣ አለ» እላለሁ። «ከየትኛው ቤት?» ይላሉ። ጋሼ በስልክ ‘ከአራተኛው ቤት’ ብሎኝ ነበር። ያን ቀን እዚህ አልጻፍኩትም፤ አሁን ይኸው ጻፍኩት። አራተኛው ቤት የኔ ነው። አቶ ተሰማ ይወድቃል፣ እኔም አብሬው እወድቃለሁ። ጠብቆ ነው ብል እሱም እኔም እንተርፋለን፣ ጋሼ ይባረራል። በቸልተኝነት የተባረረ ሰው በሦስት ቀን ቤቱን ይለቃል፤ ጡረታውም ይቀራል።

አፌን የከፈትኩት ላልቶ ልለው ነው። እምላለሁ። ምላሴ ‘ለ’ ላይ ሲደርስ ተጫናት።

«መካኒኩ አለ» አልኩ። ጠበቀ።

ጋሼ መቀበያውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «እውነቷን ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ነበርኩ።»

ስንወጣ አቶ ተሰማ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ታማኝነትሽን አልረሳም» አለ። ቤት ገብቼ ሹራቤን አውልቄ አጠብኩት።

ሐሙስ፣ 11

ጋሼ ቤት ሄድኩ። ሚስቱ ሳህን በጋዜጣ እየጠቀለለች ነበር፤ ስታየኝ ወደ ጓዳ ገባች። ካሚዮኑ ለነገ ታዟል አሉ።

«ጋሼ፣ አምልጦኝ ነው» አልኩት።

«ተቀመጪ።» አልተቀመጥኩም። «አራተኛው ቤት ያልኩሽ እኮ ራስሽ ታጠፊዋለሽ ብዬ ነው። ለማንም ያልተናገርኩት ለእናትሽ ጉልበት ብዬ ነው። መዝገቡ ላይ ምን እንዳደረግሽ እስከ ትናንት አላወቅኩም።»

«አንተን አልነበረም ጋሼ። እሱን ነበር።»

«እሱማ ቢሮው ተቀምጧል።» የሳጥኑን ክዳን ዘጋና ቀና ብሎ አየኝ። «እኔ ምን በድዬሽ ነው?»

ምንም፣ አልኩት። ይሄ ቃል ከአፌ ሲወጣ የሰማሁትን ያህል ሌላ ነገር ሰምቼ አላውቅም። መንገድ ላይ ዝናብ መታኝ፤ አልሮጥኩም።

አርብ፣ 12

በጠዋት ተነሥቼ ለሰብሳቢዋ ጻፍኩ። አጭር ነው። «መካኒኩ ‘ከአራተኛው ቤት ድምፅ አለ’ ብሎ ነግሮኛል። አራተኛው ቤት የኔ ነው። የተከለከለ ማሞቂያ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሁለት ዓይነት እንዲነበብ አድርጌ የጻፍኩት አውቄ ነው። ዳይሬክተሩ ሰዓቱ እንደማይገጥም ነግሬው አልሰማኝም፤ ፍተሻውንም ሳይጠይቅ ፈርሟል።»

ለእማዬ አነበብኩላት። ስለ ማሞቂያዋ ስትሰማ ጉልበቷን ያዘች።

«ዳይሬክተሩም ይወድቃል?»

«አብረን።»

«እና ይሄን የምትሰጪው ለመካኒኩ ብለሽ ነው፣ ለቂምሽ?»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ እጄ ፈጥኖ ነበር፤ እሷንም የፊተኞቹን ያህል አስፈላጊ ናት ብዬ ነው የጻፍኳት። ናት ደግሞ። ግን ፈጥኖ ነበር።

«ለየትኛውም ይሁን» አለች እማዬ፣ «ቶሎ በይ። ሰውዬው ዕቃውን እየጫነ ነው።»

ቅዳሜ፣ 13

ትናንትናውኑ ሮጬ ሰጠኋቸው፤ ሰብሳቢዋ ቆመው አነበቡት። «ይህን ስትሰጪኝ ቤቱንም ሥራውንም እንደምትለቂ ገብቶሻል?» አሉኝ። ገብቶኛል አልኩ። «አንቺም ዳይሬክተሩም ሁለተኛ እንዲህ ያለ ጣቢያ አትገቡም» አሉ፣ ደብዳቤውን እያጠፉ። እጥፋታቸው ጥንቁቅ ነበር።

ጋሼ ይመለሳል።

እሁድ፣ 14

ይህን የምጽፈው ከተማ፣ አክስቴ ቤት ነው።

ግቢው ውስጥ የሚገባ መኪና አንድ ብቻ መሆኑን ረስቼው ነበር። ጋሼ ዕቃውን ያወረደበት ካሚዮን ላይ የኛ ተጫነ፣ ቀጥሎ የአቶ ተሰማ ሦስት ሻንጣ። የእማዬን ፍራሽ የጫነልን ጋሼ ራሱ ነው። አላናገረኝም። ገመዱን ግን ሁለት ጊዜ ፈትሾ አሰረው።

ጋቢናው ውስጥ ሹፌሩ፣ እማዬ፣ እኔ፣ በሩ ጋ አቶ ተሰማ። ጉልበታችን ይነካካ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ያየሁት ሕልም ውስጥ እሱ ከታች፣ እኔ ከላይ ነበርን። እንዲህ አጠገብ ላጠገብ መቀመጣችን አልነበረበትም። ፊቱን ለማየት ጓጉቼ ኖሬ፣ ሲገኝ ለማየት አንገቴን ማዞር ከበደኝ። ያልተላጨ፣ የደከመው፣ ሒሳብ የማይገባው የክፍል ጓደኛዬ ነው። ደስ እንዲለኝ ጠበቅኩ። ትንሽ አለኝ፣ አልዋሽም። ትንሽ ብቻ።

ኮረብታውን ስንዞር ዲሹ በመስኮቱ በኩል ታየ። ከነገ ወዲያ ማዳመጥ ይጀምራሉ አሉ፣ ከሌላ ቦታ በመጡ ሰዎች። ሁለታችንም እስኪሰወር አየነው።

«እውነቱን ንገሪኝ» አለኝ። «ይሄ ሁሉ ሆኖም… እዚያ ማዶ አለ ብለሽ ታምኛለሽ?»

«አለ» አልኩት፣ አጥብቄ። «አንተ ግን አትሰማውም። እኔም አልሰማውም።»

«እባካችሁ መስኮቱን ዝጉት» አለች እማዬ፤ «ብርድ ገባ።»